ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ስንት ፎቅ ይበቃል? ስለ ሕንፃ ከፍታ ገደብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐይቁ ዳር ባለው መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሁሉ የሚከራከርበት ጉዳይ ነው፤ ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደ ከረረው እንሂድ።

የከፍታ ገደብ ምንድን ነው? የሚለካው በፎቅ ነው በሜትር?

አንድ ቦታ ላይ የሚሠራ ሕንፃ «ከዚህ በላይ አይውጣ» ተብሎ የሚቀመጥለት ልክ ነው። እኛ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያወራው በፎቅ ነው። «ጂ+4 ተፈቀደለት» (ምድር ቤትና ከላዩ 4 ፎቅ ማለት ነው)፣ «ጂ+7 ሊያቆም ነው አሉ» ይባላል። ለወሬ ይበቃል፣ ለሕግ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ፎቅ ሁሉ እኩል አይደለም። የመኖሪያ ቤት ፎቅ ወደ 3 ሜትር አካባቢ ነው። ምድር ቤቱ ባንክ ወይም የሆቴል እንግዳ መቀበያ ከሆነ ግን 4 ወይም 5 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ጂ+4 ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሌላውን በምድር ቤቱ ብቻ እስከ 2 ሜትር ሊበልጠው ይችላል።

ገደብ ሲነሳ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ሜትር? ከየት ጀምሮ? እስከ የት ድረስ? «ከየት» የሚለው ታቦር ተራራ ሥር ላለ ተዳፋት ቦታ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከላይኛው መንገድ ስትለኩና ከታችኛው ስትለኩ የሚወጣው ሕንፃ የተለያየ ነው። «እስከ የት» ደግሞ የሊፍቱ ክፍል፣ የሮቶው ማስቀመጫና ጣሪያ ላይ ያለው ሩፍቶፕ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም ነው። ሩፍቶፑ መጀመሪያ «ጥላ ብቻ ነው» ይባላል። ቆየት ብሎ መስታወት ይገባለታል። ከዚያ ባንድ ይዘፍንበታል፤ ይኸው አንድ ፎቅ ተጨመረ።

ገደቡን የሚያወጣው ማነው?

አንድ ባለሥልጣን ቢሮው ቁጭ ብሎ የሚወስነው ነገር አይደለም፤ ቢያንስ ሕጉ እንደዚያ አይልም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላን ያውቃል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው። ከተማው ወዴት እንደሚያድግ፣ ዋና መንገዶቹ የት እንደሚያልፉ፣ የቱ አካባቢ ለምን እንደሚውል ያሳያል፤ የሚያገለግለውም ለ10 ዓመት ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ይሄኛው ወደ ሰፈር ይወርዳል፣ የሕንፃ ከፍታና ጥግግት የሚወሰነውም እዚህ ውስጥ ነው። አረንጓዴ ቦታ፣ ክፍት ቦታና የውሃ አካልም በዚሁ ፕላን መታየት አለባቸው። ሐይቅ ላለው ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ የሕንፃ አዋጁ ይመጣል፣ በ2001 የወጣው ቁጥር 624። ፕላኑ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ መከበሩን የሚያየው በዚህ አዋጅ የተቋቋመው የሕንፃ ሹም ነው። ሲጠቃለል፣ ቁጥሩ ፕላኑ ላይ ይጻፋል፣ የሚከበረው ወይም የሚጣሰው ግን ፈቃድ መስኮቱ ላይ ነው።

ቦታ ልገዛ ነው። ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድልኝ እንዴት አውቃለሁ?

ደላላውን አትጠይቁ። «ወንድሜ፣ እዚህ እስከ ጂ+10 ትወጣለህ» ማለት ምንም አያስከፍለውም። ወሳኙ ወረቀት የፕላን ስምምነት ይባላል፤ ለግንባታ ፈቃድ ከማመልከት በፊት የሚወጣ ነው፣ ቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚፈቀድ ይናገራል። ሻጩ ያውጣና ያሳያችሁ። እምቢ ካለ ወይም ዛሬ ነገ ካለ ምክንያቱን ጠርጥሩ።

የሊዝ ውሉንም አንብቡ። ዋና መንገድ ላይ ያሉ ቦታዎች ብዙ ጊዜ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ይገደባሉ፤ «ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም» ይላሉ። ቪላ ልሠራ ብሎ ቦታ ይዞ ገንዘብ አጥሮት የቆመ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

12 ሜትር የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ?

በ2001 ከወጣው የሕንፃ አዋጅ ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላቸዋል፦ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ»። ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ሕንፃ «ሐ» ውስጥ ይገባል። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ወይም ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ አጭር ቢሆንም «ሐ» ነው። ምድቡ ከፍ ሲል የባለሙያው ደረጃና የሚደረገው ቁጥጥር አብሮ ከፍ ይላል።

ልብ በሉ፣ ይሄ የከፍታ ገደብ አይደለም። ብዙ ሰው ይደበላልቀዋል። «ከ12 ሜትር በላይ አይቻልም» ማለት ሳይሆን «ከ12 ሜትር በላይ ከወጣህ በደንብ እንቆጣጠርሃለን» ማለት ነው። በ3 ሜትር ሒሳብ ጂ+3 ልክ 12 ሜትር ላይ ያርፋል። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብሎ 4 ሜትር ያደረገ ሰው ግን መስመሩን አልፏል፤ ባያውቀውም አልፏል።

ሐይቅ ዳር ለምን ከሌላው ሰፈር ተለይቶ ይታያል?

የሐይቁን አቀማመጥ አስቡት። ከተማው ያለው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ በኩል ነው፣ ቀን ቀን ቀዝቃዛው ነፋስ ወደ ከተማው የሚመጣውም ከዚያው ነው። ውሃው ዳር የሚቆም ሕንፃ የሚጋርደው የራሱን ደጅ ሳይሆን ከኋላው ያለውን ከተማ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ረጅም ሕንፃ ቢሠራ የሚያኮርፈው ጎረቤት ነው። ሐይቅ ዳር ሲሠራ ግን ሐይቅ ዳር የማይኖረውም ያኮርፋል፤ እውነቱንም ነው።

መሬቱም ይለያል። ሀዋሳ የቆመችው ጥንት በፈነዳ የእሳተ ገሞራ ገንዳ ውስጥ ነው። ወደ ሐይቁ በቀረባችሁ ቁጥር ከሥራችሁ ያለው የሐይቅ ደለል፣ አመድና ፓሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፤ ውሃውም ብዙ ሳይቆፈር ይገኛል። ቤዝመንት ልቆፍር ያለ ሁሉ ፓምፕ ሲያስነሳ የሚውለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ በኩል ይገባል፣ በትነት ይቀንሳል፣ ዝናቡ ሲበዛ ከፍ ይላል። ሐይቁ አጥሩን አያውቅም።

ፎቅ መብዛቱ ሐይቁን ይጎዳል?

ፎቁ ራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው ከፎቁ የሚወርደው ነው። አብዛኛው ሕንፃ ፍሳሹን የሚያጠራቅመው በሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት ሰፈር ታንኩ በደንብ ካልተሠራ የት እንደሚሰርግ ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም። መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን ያስቀራል።

ስለዚህ 60 አልጋ ያለው አጭርና ሰፊ ሆቴል ፍሳሹን ማጣሪያ ከሌለው፣ ማጣሪያ ካለው ረጅም ሕንፃ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ (ቁጥር 299/1995) ያለው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ የፍሳሽ ውሃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ከፋብሪካ የተጠየቀውን ከሆቴል መጠየቅ ምን ይከብዳል? ሐይቁን ከልቡ የሚያስብ ሰው ከፎቁ ቁጥር በፊት ስለ ታንኩ ይጠይቅ። የሐይቁን ዓሣ የሚበላ ሰው ይሄ በቀጥታ ይመለከተዋል፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ ቆሮሶ ጥብስ የሚያዝ ሁሉ ማለት ነው።

ረጅም ሕንፃ ጥላ ይጥላል የሚለው እውነት ነው ወይስ ማጋነን?

ሁለቱም። እኛ ከምድር ወገብ ወደ 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን፤ ቀትር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል። 20 ሜትር ሕንፃ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን የሚጥለው ጥላ 12 ሜትር ቢሆን ነው። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 6 ሜትር አካባቢ ይሆናል። እንደ አውሮፓ ከተሞች መንገዱ ክረምቱን ሙሉ ጨለማ ውስጥ አይገባም። እንዲያውም በበጋ የቀትር ጥላ ማን ይጠላል?

ነገሩ ከሰዓት በኋላ ይለወጣል። በታኅሣሥ 10 ሰዓት አካባቢ ያው 20 ሜትር ሕንፃ 35 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል፤ 11 ሰዓት ሲሆን ከ60 ሜትር ያልፋል። ወደ ምሥራቅ ያለው ማነው? ከተማው። ሰው ከሥራ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት ሰዓት ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ «ጥላ» ስትሉ ሰዓቱን ጨምሩበት፣ ያለዚያ ተቃራኒያችሁ በቀትሩ ሒሳብ ይረታችኋል።

ከቤቴ ሐይቁ ይታይ ነበር፤ አሁን ሕንፃ ሊጋርደኝ ነው። መብት የለኝም?

ካርታችሁን አውጥታችሁ እዩት። ስፋት፣ ወሰንና አገልግሎት ተጽፎበታል፤ «ሐይቅ ያያል» የሚል መስመር የለበትም። የግል እይታ የዋጋ ጉዳይ ነው፣ ባለቤቱም ሲያከራይ ያስከፍልበታል፣ ሲጋረድበት ደግሞ ያለቅሳል። አዝንለታለሁ፣ ግን የከተማ ሕግ በዚህ ላይ መመሥረት ያለበት አይመስለኝም።

የሕዝብ እይታ ሌላ ነው። ከመሃል ከተማ ወደ ሐይቁ የሚወርዱ መንገዶች ጫፋቸው ላይ ሰማይና ውሃ ሊታይ ይገባል፤ ያ የሁላችንም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ የሚጋርደው ቁመት ብቻ አይደለም፣ ስፋትም ነው። መሬት ላይ ለቆመ ሰው 3 ሜትር የግንብ አጥርም ሐይቁን ሙሉ በሙሉ ይደብቃል። ጎን ለጎን ተጣብቀው የተደረደሩ ጂ+3ዎች ግድግዳ ናቸው። በመሃላቸው 15 ሜትር ክፍት ያላቸው ቀጭን ጂ+6ዎች ግን ሐይቁን ያሳያሉ፣ ነፋሱንም ያሳልፋሉ። ስለ ፎቅ ስንጨቃጨቅ አጥሩ ዝም ብሎ ይረዝማል።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። ለመሬት መንቀጥቀጥ አጭር ሕንፃ አይሻልም?

ይሄ ጥያቄ በ2017 ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ በኋላ በየቦታው ይነሳል። እኛም ባዳ አይደለንም፤ በጥር 2008 ሀዋሳን ያናወጠው መንቀጥቀጥ ተማሪዎችን ከመኝታ ክፍላቸው አስሮጦ ያስወጣ ነበር፣ የተጎዱም ነበሩ። በ1898 ደግሞ ላንጋኖ አካባቢ ከዚያ እጅግ የበለጠ ደርሷል። ሥጋቱ እውነት ነው።

«አጭር ማለት ደህና ማለት ነው» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ሕንፃ ሲወዛወዝ የራሱ ምት አለው፣ አፈሩም የራሱ ምት አለው፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው አደጋው። ሜክሲኮ ሲቲን ውሰዱ። ከተማዋ የደረቀ ሐይቅ ላይ ነው የተቆረቆረችው። እ.ኤ.አ. በ1985 የመንቀጥቀጡ መነሻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ ለስላሳው የሐይቅ አፈር ንዝረቱን አጎላውና ክፉኛ የተመቱት መካከለኛዎቹ ሆኑ፣ ከ6 እስከ 15 ፎቅ አካባቢ ያሉት። ብዙ አጫጭር ቤቶች ተረፉ፣ በጣም ረጅሙም ቆመ። ሌላ አፈር ላይ ቢሆን ውጤቱ ሌላ ነበር። ስለዚህ ወሳኙ የአፈር ምርመራው ነው፣ የጎረቤትን የምርመራ ወረቀት ኮፒ አድርጎ ማስገባት ሳይሆን።

እኛ አገር እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከላይ ያለው አይደለም፣ ምድር ቤቱ ነው። ላይኛው ፎቅ በብሎኬት ተሞልቶ ግትር ይሆናል፤ ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ከፊት እስከ ኋላ ክፍት ነው፣ ቀጫጭን ኮለንና መስታወት ብቻ። መንቀጥቀጥ ሲመጣ እንዲህ ያለው ሕንፃ የሚሰበረው እግሩ ላይ ነው። ይሄ ጂ+2ም ላይ ይሆናል። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስምጥ ሸለቆን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ቀጠናዎች ይመድበዋል፤ ኮዱን የተከተለ ጂ+8 ኮዱን ካልተከተለ ጂ+3 ይሻላል።

ፌሮ ወጥቶ የቀረበት ቤት አለኝ። በኋላ ፎቅ መጨመር እችላለሁ?

ጣሪያ ላይ ተሰልፎ የቆመ ፌሮ የከተማችን ምልክት ሆኗል፤ «እግዜር ሲሰጠኝ እቀጥላለሁ» ማለት ነው። መቀጠል የሚቻለው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ መሠረቱና ኮለኑ ከመጀመሪያው ለተጨማሪው ፎቅ ተሰልቶ ከሆነ። ሁለተኛ፣ አዲስ ፈቃድ ካወጣችሁ። ጂ+1 ተብሎ የተፈቀደ ወረቀት ለጂ+3 አያገለግልም፤ ከ12 ሜትር ካለፋችሁ ምድቡም ይለወጣል።

ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ፌሮ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ከመቀጠላችሁ በፊት መሐንዲስ ይየው፣ ግንበኛው «ምንም አይልም» ስላለ ብቻ አትመኑ።

ገደብ ሲኖር ኪራይ አይወደድም?

ከተማውን በሙሉ በአንድ ቁጥር ካሰራችሁት ይወደዳል። ሰው እየጨመረ ነው፤ ሀዋሳ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ፓርኩ አለ። ወደ ላይ ያልሄደው ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ጎን ማለት ደግሞ ወደ ቱላ ማለት ነው፣ የገበሬው እንሰትና ጓሮ። በአዋጅ 1161/2011 ካሳ ይከፈላል፣ ግን እንሰቱን የነቀለ ገበሬ በካሳው ስንት ዓመት እንደሚኖር እሱን ጠይቁት። ሐይቅ ዳር ሆኖ «ፎቅ ይቅር» የሚል ሰው ይሄን የሒሳቡን ግማሽ አያነሳም።

የዚያን ያህል ደግሞ «ፎቅ ይጨመርና ኪራይ ይርከስ» የሚለውም ሐይቅ ዳር ላይ አይሠራም። ከጂ+4 ስታልፉ ሊፍት ይመጣል፣ ሊፍት ካለ ጄኔሬተር ይመጣል። ውሃው በየ10 ሜትሩ ወደ አንድ ባር ግፊት ያጣል፤ ስለዚህ ፓምፕ ይጨመራል። መሠረቱ ጠልቆ ይወርዳል። የአንድ ካሬ ዋጋ ከፎቁ ጋር ይወጣል። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ብዙው ያለ ሊፍት በጂ+4 የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው ፊት የሚሠራው ጂ+9 የፓርክ ሠራተኛዋ ተከራይታ የምትገባበት አይሆንም፣ ሆቴል ነው የሚሆነው። ለእሷ የሚጠቅማት በባጃጅ መንገዶች ላይ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ ጠጋ ጠጋ ብለው የሚሠሩ ጂ+4ዎች ናቸው።

ገደብ ካለ ባለሀብቱ ሸሽቶ ወደ ሌላ ከተማ አይሄድም?

ባሊን አስቡ። የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ሕንፃ ከ15 ሜትር በላይ እንዳይወጣ የሚል ደንብ አላት፤ ሰው በቀላሉ እንዲገባው «ከኮኮናት ዛፍ አይብለጥ» ይሉታል። ቱሪስቱም ባለሀብቱም አልሸሸም፣ እንዲያውም አሁን የሚያስቸግራቸው ብዛቱ ነው። ሐይቅ ዳር የሚመጣ እንግዳ 12ኛ ፎቅ ፈልጎ አይደለም፤ ያንን አዲስ አበባም ያገኘዋል። የሚፈልገው ዋርካውን፣ ጉሬዛውን፣ አባ ኮዳውን፣ ውሃውን ነው።

ባለሀብት የሚሸሸው ከገደብ ሳይሆን ከሚለዋወጥ ገደብ ነው። ዛሬ 15 ሜትር፣ ነገ 30፣ ለአንዱ ደግሞ ዝምታ። ያኔ ዲዛይን አሠርቶ የተቀመጠው ይናደዳል፣ ያላሠራው ደግሞ ሰው ማፈላለግ ይጀምራል።

ሌላ አገር ገደቡን ካወጡ በኋላ ምን ገጠማቸው?

ሳን ዲዬጎ ላይ ነዋሪው እ.ኤ.አ. በ1972 ድምፅ ሰጥቶ በባሕሩ ዳርቻ ሕንፃ ከ30 ጫማ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ 9 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው እስከ ዛሬ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፣ ባሕሩም ይታያል። ግን የመኖሪያ ቤት እጥረቱ ሲብስ ለአንድ ሰፈር ብቻ ገደቡን ለማንሳት ሲሞከር፣ ደጋግሞ ድምፅ መሰጠትና ፍርድ ቤት መመላለስ መጣ። በሕዝብ ድምፅ የታሰረ ቁጥር ለመፍታትም ያንኑ ያህል ከባድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ቁመቱን ከመንገዱ ስፋት ጋር አያይዘውታል፦ የመንገዱ ስፋት ሲደመር 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር። ሰፊ መንገድ ላይ ረዘም ያለ፣ ጠባብ ላይ አጠር ያለ። እንደ ሀዋሳ ሰፋፊ ጎዳና ላለው ከተማ ይሄ ሐሳብ ከደረቅ ቁጥር የተሻለ ይመስለኛል።

ለእሱ ጂ+9 ተፈቅዶለት ለእኔ ጂ+3 የተባልኩት ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። የእሱ ቦታ ዋና መንገድ ላይ ይሆናል፣ በሌላ ፕላን ክልል ውስጥ ይሆናል፣ ወይም ከእናንተ በፊት በአሮጌው ፕላን ፈቃድ ወስዶ ይሆናል። በሕጋዊ ፈቃድ የቆመ ሕንፃ ገደብ ስለመጣ ብቻ አይፈርስም። መጀመሪያ ይሄን አጣሩ። ካጣራችሁ በኋላም ካልገባችሁ፣ የሕንፃ ሹሙን ውሳኔ በጽሑፍ ጠይቁና ይግባኝ ሰሚ ቦርዱ ዘንድ ሂዱ፤ አዋጁ ያቋቋመው ለዚህ ነው። በቃል የተነገረ «አይቻልም» ይግባኝ አይባልበትም።

ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የከፍታ ገደብን የሚገድለው የረጅም ሕንፃ ደጋፊ ሳይሆን «ልዩ ሁኔታ» የሚባለው ነው። እኔ ልዩ ሁኔታ ጨርሶ አይኑር አልልም። ቀድሞ ይጻፍ ነው የምለው። ለምሳሌ፦ ከቦታው ላይ ቆርሶ ሕዝብ ወደ ሐይቁ የሚያልፍበት መንገድ የሰጠና የፍሳሽ ማጣሪያ የተከለ አንድ ፎቅ ይጨመርለት፤ ማንም ይሁን ማን። ዋጋው ከተለጠፈ ድርድር የለም።

እሺ፣ አንተ ስንት ፎቅ ትላለህ?

ውሃው ፊት ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ከ12 ሜትር አይለፍ፣ ሩፍቶፑም ሮቶውም ተቆጥሮ። በሕንፃና በሕንፃ መሃል ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተው፣ አጥሩ ደግሞ ከወገብ በላይ የሚያሳይ ይሁን። ከኋላው ያለው ረድፍ ደረጃ በደረጃ ይውጣ። ወደ መሃል ከተማና ወደ መናኸሪያ በኩል፣ ሰፊ መንገድ ላይ፣ ቁመቱ ከመንገዱ ስፋት ጋር ይታሰርና ጂ+8ም ጂ+10ም ይሁን፤ አፈሩ ከፈቀደና ውሃው ከደረሰ እኔ ችግር የለብኝም። ኮሪደር ልማቱ መንገዱን አስፍቶ ዳርቻውን ለእግረኛ ከከፈተ በኋላ፣ እዚያው ዳርቻ ላይ የሕንፃ ግድግዳ ማቆም ገንዘቡን መልሶ መቅበር ነው።

ይሄ የእኔ ነው። የእናንተን ለማሰማት ቦታው አለ፤ አዋጅ 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። የክፍለ ከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሂዱ። ስትሄዱ «ከተማችን ትመር» ወይም «ሐይቃችን ይጠበቅ» ብላችሁ እንዳትመለሱ፤ ለዚህ ሁሉም ያጨበጭባል። ካርታው ይዘርጋ በሉ፤ የእናንተን ሰፈር ፈልጉና ቁመቱ በስንት ሜትር እንደተጻፈ፣ ከየት እንደሚለካ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ነገር ይቆጠር እንደሆነ፣ ልዩ ሁኔታ የሚፈቅደው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱም ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን ሳታረጋግጡ አትውጡ።